ሥዕሉና ጡረታው፦ የዲትሮይት ሙዚየም ከመንግሥትና ከበጎ አድራጎት ድርጅቶች ጋር ያሳለፈው የገንዘብ ታሪክ

የፍላንደርሱ ሰዓሊ ፒተር ብሩጌል በ1566 ገደማ የሣለው «የሠርግ ጭፈራ» የተሰኘው ሥዕል ከመቶ የሚበልጡ የገጠር ሰዎችን በአንድ መስክ ላይ ሰብስቦ ያሳያል። ወንዱም ሴቱም እጅ ለእጅ ተያይዞ ይጨፍራል፤ ስልቻ ያለውን ዋሽንት የሚነፋው ሰው ከዳር ቆሟል፤ ሙሽራይቱ እንኳ ከሕዝቡ መካከል ተቀላቅላ በቀላሉ አትለይም። ሥዕሉ የሚገኘው በአሜሪካ፣ በሚሺጋን ግዛት፣ በዲትሮይት የሥነ ጥበብ ተቋም ውስጥ ነው። ወደዚያ ያመጣውም ንጉሥ ወይም ቱጃር አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1930 የከተማው አስተዳደር ለከተማው ሕዝብ ብሎ የገዛው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከ83 ዓመታት በኋላ፣ በዲሴምበር 2013፣ ክሪስቲስ የተባለው የታወቀ የሐራጅ ድርጅት ገማቾች በዚሁ ሥዕል ፊት ቆመው ዋጋውን ከ100 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር አደረሱት። የተገመተው ለክብሩ ሲባል አልነበረም። ባለቤቱ፣ ማለትም ከተማው፣ ከስሮ ነበርና ነው።

በዚያው ሰሞን በዚያው ከተማ ውስጥ ሌላ ግምት ይሠራ ነበር። ቆሻሻ ሲያነሡ፣ የውሃ ቧንቧ ሲጠግኑ፣ አውቶቡስ ሲነዱ ዕድሜያቸውን የፈጁ የማዘጋጃ ቤት ጡረተኞች ከአበላቸው ስንት እንደሚቀነስባቸው ይሰላ ነበር። የእነዚህ ሰዎች አማካይ ጡረታ በዓመት ወደ 19,000 ዶላር ገደማ ነበር፤ በአሜሪካ ኑሮ ሲመዘን ከእጅ ወደ አፍ የሚባል ነው። የፖሊሶችና የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጡረታ ከዚህ ከፍ ቢልም እነርሱ ደግሞ ለሌላው ሠራተኛ የሚሰጠው የፌዴራል መንግሥት የማኅበራዊ ዋስትና አበል የላቸውም። በሚዛኑ አንድ ወገን ብሩጌል፣ በሌላው ወገን የመበለቲቱ የወር አበል ተቀመጡ። አንድ የሥነ ጥበብ ወዳጅ ከዚህ ሚዛን ፊት ቆሞ «ሥዕሉ ይሻላል» ለማለት ድፍረቱ ሊኖረው አይችልም፤ «ሥዕሉ ይሸጥ» ለማለትም አንደበቱ አይታዘዝለትም። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ሚዛን ላይ ለመውጣት እንዴት በቁ? ከዚያስ እንዴት ወረዱ? ይህን ለመረዳት ሙዚየሙ ከተመሠረተበት ዘመን ጀምሮ ገንዘብ ከማን፣ በምን ውል ይቀበል እንደነበር ማየት ያስፈልጋል።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ዐውደ ርእይ ነው። በ1883 በዲትሮይት ከየባለጸጋው ቤት በውሰት የተሰበሰቡ ሥዕሎች ለሕዝብ ቀረቡ፤ ሕዝቡም በብዛት ወጥቶ ተመለከተ። ከዚያ በኋላ ቶማስ ፓልመር የተባሉ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ለቋሚ ሙዚየም 10,000 ዶላር ለመስጠት ቃል ገቡ። ጄምስ ስክሪፕስ የተባለው የጋዜጣ ባለቤትም ከዋነኞቹ አዋጮች አንዱ ነበር። እያንዳንዳቸው 1,000 ዶላር ያዋጡ 40 ሰዎች ተሰባስበው በ1885 የዲትሮይት የሥነ ጥበብ ሙዚየም የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። በ1888 በጄፈርሰን ጎዳና ላይ የመጀመሪያው ሕንፃ ተከፈተ፤ በ1889 ስክሪፕስ ወደ 70 የሚጠጉ የጥንት አውሮፓውያን ሰዓሊዎችን ሥራዎች ሰጠ። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ በሌሎችም የአሜሪካ ከተሞች ከምናውቀው አይለይም፤ ባለሀብቶች ያዋጣሉ፣ ስማቸውም በግድግዳው ላይ ይቀረጻል።

ነገር ግን ሕንፃ መሥራት አንድ ነገር ነው፤ በየዓመቱ ማሞቂያውን፣ ዘበኛውንና ጽዳቱን መክፈል ሌላ ነገር ነው። ይህ ልዩነት በሙዚየም ታሪክ ውስጥ ሁሉ እንደ ጥላ የሚከተል ስለሆነ ልብ ሊባል ይገባል። ለጋሽ ሰው ስሙ ለሚጻፍበት አዳራሽ በደስታ ይሰጣል፤ ለመብራት ክፍያ ግን እጁ ይከብደዋል። ስለዚህ ሙዚየሙ ገና ከጧቱ ፊቱን ወደ ማዘጋጃ ቤቱ መለሰ፣ ከተማውም ድጎማ ይሰጠው ጀመር። በ1915 የሚሺጋን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን ልማድ አስቆመው። የሕዝብ ገንዘብ ለአንድ የግል ማኅበር ሊሰጥ አይገባም፣ ሙዚየሙም በሕግ ዓይን የግል ማኅበር ነው ሲል በየነ።

መፍትሔው ሥር ነቀል ነበር። በ1919 ማኅበሩ ሕንፃውንና ስብስቡን ለከተማው አስረከበ፤ ሙዚየሙም የማዘጋጃ ቤቱ አንድ መምሪያ ሆኖ «የዲትሮይት የሥነ ጥበብ ተቋም» ተባለ። የቀድሞው ማኅበር ግን አልፈረሰም። «የመሥራቾች ማኅበር» በሚል ስም ከበጎ አድራጊዎች ገንዘብና ሥዕል እየሰበሰበ ለተቋሙ ማበርከቱን ቀጠለ። በዚህ ዓይነት አንድ ቤት ሁለት ኪስ ኖረው፤ አንዱ የመንግሥት፣ አንዱ የለጋሾች። በዚያን ጊዜ ይህ ብልህ ዘዴ ነበር። ከተማው ባለቤት በመሆኑ ሙዚየሙ በሕጋዊ መንገድ ከግብር ገንዘብ መደጎም ቻለ። ባለቤት የሆነ አካል ዕዳ ሲገባ ንብረቱ ማስያዣ እንደሚሆን ግን በ1919 ማን ያስብ ነበር? ዲትሮይት ያን ጊዜ የአውቶሞቢል እናት፣ ገንዘቧም እንደ ወንዟ የሚፈስ ከተማ ነበረች።

ሃያዎቹ ዓመታት የተቋሙ ወርቃማ ዘመን ናቸው። በ1922 ከተማው የቪንሰንት ቫን ጎግን የራስ ምስል ገዛ፤ ከቫን ጎግ ሥራዎች ወደ አሜሪካ የሕዝብ ሙዚየም የገባው የመጀመሪያው ይህ ነው። በ1924 ጀርመናዊው የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቅ ቪልሄልም ቫለንቲነር ዲሬክተር ሆኖ ተሾመ። ይህ ሰው ዓይኑ የተሳለ፣ በአውሮፓ ገበያ ውስጥ የት ምን እንዳለ ጠንቅቆ የሚያውቅ ነበር። የሕዝብ ገንዘብ በእጁ ስለነበረ የለጋሾችን ምርጫ ሳይጠብቅ የመሰለውን ለመግዛት ቻለ፤ ብሩጌልንም ያገኘው እርሱ ነው። በ1927 ፖል ክሬ የነደፈው ነጭ የእብነ በረድ ሕንፃ በውድዋርድ ጎዳና ላይ ተከፈተ። ቆየት ብሎ ለገባው ጣጣ መነሻ የሆነው ይኸው የግዥ ዘመን ነው፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ከዚያ የ1929 የኢኮኖሚ ውድቀት መጣ። ፋብሪካዎች ሠራተኞቻቸውን በተኑ፤ የከተማው ካዝና ተራቆተ፤ የሙዚየሙ በጀት እጅግ ተቆረጠ። የሥነ ጥበብ ኮሚሽኑ ሊቀ መንበር ያን ጊዜ የሄንሪ ፎርድ ልጅ ኤድሴል ፎርድ ነበር። ቫለንቲነር ሜክሲካዊውን ዲየጎ ሪቬራን አግኝቶ የተቋሙን ውስጠኛ አደባባይ ግድግዳዎች እንዲሥል ሲጋብዘው ገንዘቡን ለመክፈል የተስማማው ኤድሴል ፎርድ ነው። መጀመሪያ የታሰበው ሁለት ትልልቅ ግድግዳዎችን ብቻ በ10,000 ዶላር ለመሣል ነበር። ሪቬራ ግን ሩዥ የተባለውን የፎርድ ግዙፍ ፋብሪካ ዞሮ ከተመለከተ በኋላ በዚያ ሊወሰን አልቻለም። አራቱንም ግድግዳ እንዲሥል ተፈቀደለት፤ ሥራው ወደ 27 ክፍል አደገ፤ ክፍያውም ወደ 20,889 ዶላር ከፍ አለ።

እዚህ ላይ አንባቢ የዘመኑን ግጥጥሞሽ ልብ እንዲል እንፈልጋለን። ሪቬራ ዲትሮይት የገባው በኤፕሪል 1932 ነው። ከዚያ በፊት በማርች 7 ቀን ሥራ ያጡ ወዛደሮች «የረሃብ ሰልፍ» በተባለው ሰልፍ ወደ ሩዥ ፋብሪካ በር ሲያመሩ ፖሊስና የፋብሪካው ዘቦች ተኩሰው በቦታው አራት ሰዎች ገደሉ። የፋብሪካው ባለቤት ቤተሰብ ገንዘብ ከፋይ፣ በኮሚኒስትነቱ የታወቀው ሰዓሊ ተቀባይ፣ የሚሣለውም ያው ፋብሪካ ሆነ። ሪቬራ በ1933 መጀመሪያ ወራት ሥራውን ሲፈጽም ግድግዳው ላይ የታየው ብረት የሚያቀልጠው፣ ሞተር የሚገጥመው፣ በማመላለሻው ሰንሰለት ዙሪያ ወገቡን አጉብጦ የሚታገለው ሠራተኛ ነው። ሥዕሉ ሲገለጥ ቁጣ ተነሣ። አንዱ ክፍል ቅዱስ ቤተሰብን ያፌዝበታል ተባለ፤ ሠራተኛውን እንደዚያ ማሳየት ነውር ነው ተባለ፤ ዘ ዲትሮይት ኒውስ የተባለው ጋዜጣ ሥዕሉ በኖራ እንዲለቀለቅ ጠየቀ። ሕዝቡ ግን በዓይኑ ሊያይ ጎረፈ፤ በአንድ እሑድ ብቻ ወደ 10,000 ሰው ገባ። ኤድሴል ፎርድም የከፈለበትን ሥራ አልካደም።

ለጋሽና ሰዓሊ፣ ገንዘብና ሐሳብ የሚገናኙበት ሁኔታ ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ሆኖም ከገንዘብ ታሪኩ አንፃር የሚበልጠው ጉዳይ ሌላ ነው። ብሩጌልን ከተማው ገዛው፤ የሪቬራን ግድግዳ የግል ለጋሽ ሰጠው። አንዱ የመንግሥት ገንዘብ ፍሬ ነው፤ አንዱ የስጦታ። ከሰማንያ ዓመት በኋላ አበዳሪዎች ሲመጡ እጃቸው በቀላሉ ሊደርስበት የሚችለው የመጀመሪያው ነበር።

ኤድሴል ፎርድ ሌላም ነገር ትቶ አልፏል። በ1936 በሚሺጋን የፎርድ ፋውንዴሽንን መሠረተ። ፋውንዴሽን ማለት አንድ ባለሀብት ከገንዘቡ ከፍሎ ለበጎ ሥራ ብቻ እንዲውል የሚያስቀምጠው ጥሪት ነው፤ ጥሪቱ አይነካም፣ ትርፉ ይሰጣል ቢባል ለእኛ አንባቢ ይቀላል። በአሜሪካ ሕግ እንዲህ ያለው ድርጅት ከግብር ይድናል፤ በአንፃሩ በዛሬው ደንብ በየዓመቱ ከሀብቱ ቢያንስ አምስት በመቶ ያህሉን እንዲያወጣ ይገደዳል። ዲትሮይት በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነበረች። የሱቅ ነጋዴው ክሬስጊ በ1924፣ የእህል ቁርስ አምራቹ ኬሎግ በ1930 የየራሳቸውን ፋውንዴሽን በዚያው ግዛት አቋቁመዋል። የፎርድ ፋውንዴሽን ግን እያደገ ሲሄድ በ1953 ዋና ጽሕፈት ቤቱን ወደ ኒው ዮርክ አዛወረ፤ ሥራውም ዓለም አቀፍ ሆነ። ብዙ የዲትሮይት ሰዎች ይህን እንደ ክህደት ቆጥረው ለረጅም ጊዜ በልባቸው ይዘውት ኖረዋል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያለውን በአጭሩ እንለፈው። በ1950 ዲትሮይት 1,849,568 ነዋሪዎች ነበሯት፤ በ2010 የተቆጠሩት 713,777 ናቸው። ፋብሪካው ወደ ሌላ ሄደ፤ ነጩ ነዋሪ ወደ ዳር ከተማዎች ወጣ፤ ጥቁሩ ነዋሪ ግብር ከፋይ በሳሳበት ከተማ ውስጥ ቀረ። ግብር ሲያንስ ማዘጋጃ ቤቱ ከትምህርት ቤት፣ ከመንገድ መብራትና ከፖሊስ በፊት ሙዚየም ሊያስብ አይችልም። በ1975 ተቋሙ በበጀት እጦት ለጥቂት ሳምንታት በሩን እስከ መዝጋት ደረሰ። ከዚያ የግዛቱ መንግሥት ገብቶ ከዓመታዊ ወጪው ትልቁን ድርሻ ተሸከመ። ይህም ቢሆን ለዘለቄታው አልበጀም። ከ1991 ጀምሮ አዲሱ አገረ ገዥ ጆን ኢንግለር የግዛቱን የኪነ ጥበብ ድጎማ በእጅጉ ቆረጡት፤ ተቋሙም ሠራተኛ ቀነሰ፣ የመክፈቻ ሰዓቱን አሳጠረ፣ አዳራሾቹንም በተራ እየከፈተና እየዘጋ ከረመ። ከመንግሥት የሚገኝ ገንዘብ ብዙ ነው፤ ግን በምርጫ ይመጣል፣ በምርጫ ይሄዳል። በ1998 ከተማው የዕለት ተዕለት አስተዳደሩን ለመሥራቾች ማኅበር በውል አስተላለፈ። የሕንፃውና የሥዕሉ ባለቤትነት ግን በከተማው እጅ ቀረ። በ2007 ደግሞ ሕንፃው በ158 ሚሊዮን ዶላር ታድሶ ተከፈተ። እንደ ልማዱ ለሕንፃ ገንዘብ ተገኘ፤ ለመብራት ግን አልተገኘም።

ከዚህ በኋላ የሙዚየሙ መሪዎች ያደረጉት ነገር፣ በእኛ ግምት፣ በታሪካቸው ውስጥ እጅግ ደፋሩ ነው። ከተማውንም፣ የግዛቱንም ምክር ቤት፣ ባለጸጎችንም ትተው በቀጥታ ወደ መራጩ ሕዝብ ሄዱ። በ2010 በወጣ ሕግ መሠረት በዙሪያው ያሉት ሦስት አውራጃዎች፣ ማለትም ዌይን፣ ኦክላንድና መኮም፣ ለሙዚየሙ ብቻ የሚውል ትንሽ የቤትና የመሬት ግብር እንዲጥሉ በኦገስት 7 ቀን 2012 ድምፅ ተሰጠ። ግብሩ ለግብር ከተገመተ እያንዳንዱ 1,000 ዶላር ንብረት ላይ 20 ሳንቲም ነው፤ 150,000 ዶላር የሚያወጣ ቤት ያለው ሰው በዓመት 15 ዶላር ገደማ ይከፍላል። በዓመት ወደ 23 ሚሊዮን ዶላር ያስገኛል፤ ዘመኑም አሥር ዓመት ነው። በምትኩ የሦስቱ አውራጃ ነዋሪ ሁሉ ያለ መግቢያ ዋጋ ይገባል፤ ተማሪዎችም በአውቶቡስ ይመጣሉ። ከከተማው ኑሮ የሸሸው የዳር ከተማ ነዋሪ፣ በመኮም ለጥቂት ቢያመልጥም፣ በሦስቱም ቦታ «እሺ» አለ። የአሥሩ ዓመት ዕቅድ ይህ ገንዘብ የዕለት ወጪን ሲሸፍን ሙዚየሙ በጎን ከለጋሾች ዘላቂ ጥሪት እንዲያከማች ነበር። አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ዕቅዱ ተናጋ።

በማርች 2013 አገረ ገዥው ሪክ ስናይደር ኬቪን ኦር የተባሉትን ጠበቃ የከተማው የአስቸኳይ ጊዜ አስተዳዳሪ አድርገው ሾሙ። በጁላይ 18 ቀን ከተማው ለፍርድ ቤት መክሰሩን አመለከተ፤ ዕዳው 18 ቢሊዮን ዶላር ተገምቷል። በአሜሪካ እስከዚያ ድረስ እንዲህ ያለ የከተማ ክስረት ታይቶ አይታወቅም። አበዳሪዎች ወዲያውኑ ወደ ሙዚየሙ ጣታቸውን ጠቆሙ። የግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢል ሹየት ስብስቡ ለሕዝብ ጥቅም በአደራ የተያዘ ስለሆነ ለዕዳ ሊሸጥ አይችልም የሚል የሕግ አስተያየት በጁን ወር ሰጥተው ነበር፤ ነገር ግን የክስረት ፍርድ ቤት ይህን ይቀበል አይቀበል እርግጠኛ የሆነ ሰው አልነበረም። ኦር ክሪስቲስን ቀጠሩ። ገማቾቹ ከ60,000 በላይ ከሆነው ስብስብ የተመለከቱት ከተማው በራሱ ገንዘብ የገዛቸውን 2,781 ሥራዎች ብቻ ነው፤ በስጦታ የመጡት ከሰጪዎቻቸው ጋር የውል ጣጣ አለባቸውና። የሁሉም ግምት ከ454 እስከ 867 ሚሊዮን ዶላር ሆነ፤ ከዚህም ሦስት አራተኛውን የያዙት 11 ሥራዎች ብቻ ናቸው። እነዚያ የቫለንቲነር ዘመን ግዥዎች፣ የሕዝብ ገንዘብ የሕዝብ ያደረጋቸው ሥዕሎች፣ ለሐራጅ የቀረቡትም በዚያው ምክንያት ሆነ።

በከተማው ውስጥ ክርክሩ ጋለ። አንዳንዱ «የትኛው ጡረተኛ ነው ብሩጌልን የሚበላው?» ሲል፣ ሌላው «ሥዕል ለመጠበቅ አባቴ ለምን ይራብ?» ይል ነበር። ሁለቱም የተናገሩት ከእውነት አይርቅም። የክስረቱ ዳኛ ስቲቨን ሮድስ በዲሴምበር መጀመሪያ በሰጡት ውሳኔ አንድ ጊዜ ንብረት ሸጦ የሚገኝ ገንዘብ ገቢው ከወጪው ያነሰን ከተማ እንደማያድን፣ ውድቀቱን ለጥቂት ጊዜ ብቻ እንደሚያዘገይ ጠቁመዋል። ይህ ከሒሳብ አንፃር ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ለጡረተኛው መልስ አልነበረም። የጡረታ አበል ይነካል ወይ ለሚለው ጥያቄ ዳኛው በዚያው ቀን የሰጡት መልስ «አዎን፣ ሊነካ ይችላል» የሚል ነበርና።

መውጫው የተገኘው ከአደራዳሪው ነው። የፌዴራሉ አውራጃ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ ጄራልድ ሮዝን አበዳሪዎችንና ከተማውን እንዲያስማሙ ተመድበው ነበር። እርሳቸው በማስታወሻ ወረቀት ላይ አንድ ንድፍ ጣሉ፦ ሥዕሉ በሳጥን ተከልሎ፣ ገንዘብ ከውጭ መጥቶ በእርሱ በኩል ወደ ጡረታው ሲፈስ። ሐሳቡ ሲብራራ እንዲህ ነው። ሥዕሉን የሚገዛ ሰው ካስፈለገ ገዥው ሥዕሉን ከቦታው የማያነሣ ይሁን። በጎ አድራጎት ድርጅቶችና የግዛቱ መንግሥት ገንዘብ ያዋጡ፤ ገንዘቡ ወደ ሙዚየሙ ሳይሆን ወደ ጡረታ ካዝና ይግባ፤ ከተማው በምትኩ ሙዚየሙን ለነፃ ማኅበር ለዘለዓለም በአደራ ያስረክብ። አንድ ብር ሁለት ሥራ ሠራ እንደማለት ነው፤ ሥዕሉንም አዳነ፣ አበሉንም ደገፈ።

በኖቬምበር 5 ቀን 2013 ሮዝን የደርዘን ያህል ፋውንዴሽን ኃላፊዎችን ሰብስበው 500 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ጠየቁ። ጥያቄው ያልተለመደ ነበር። ፋውንዴሽኖች አዲስ ሥራ መጀመር ይወዳሉ፤ መንግሥት ያጠፋውን መተካት፣ የአሮጌ ዕዳ ቀዳዳ መድፈን ግን እንደ ሕግ ቆጥረው የሚሸሹት ነገር ነው። ዛሬ አንዱን ከተማ ካዳኑ ነገ ሌላው በራቸው ላይ ይሰለፋል። ስብሰባው ሲያበቃ ብዙዎቹ ተጠራጣሪ ነበሩ። ያም ሆኖ በአካባቢው የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን ኃላፊ በማርያም ኖላንድ አስተባባሪነት ንግግሩ ቀጠለ። በመካከሉ አንድ ጡረታ የወጡ የኬሚስትሪ ሊቅ ከባለቤታቸው ጋር ነገሩን በጋዜጣ አንብበው 5 ሚሊዮን ዶላር እንሰጣለን ሲሉ ቀረቡ፤ ይህ ገንዘብ ከሚያስፈልገው አንፃር ጠብታ ቢሆንም የሌሎቹን ልብ ሳያነሣሣ አልቀረም።

በጃንዋሪ 13 ቀን 2014 ዘጠኝ ፋውንዴሽኖች 330 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያዋጡ አስታወቁ፤ በኋላ ሌሎች ተጨምረው 366 ሚሊዮን ደረሰ። ከሁሉ የበለጠውን፣ 125 ሚሊዮን ዶላር፣ የሰጠው የፎርድ ፋውንዴሽን ነው። የኤድሴል ፎርድ ድርጅት ከስድሳ ዓመት ስደት በኋላ በዚህ ዓይነት ወደ ትውልድ ቦታው ተመለሰ፤ ያዳነውም ራሱ ኤድሴል በሊቀ መንበርነት የመራውን ቤት ነው። ክሬስጊ 100 ሚሊዮን፣ ኬሎግ 40 ሚሊዮን፣ ናይት 30 ሚሊዮን፣ ዴቪድሰን 25 ሚሊዮን ሰጡ፤ የቀሩት በየአቅማቸው ጨመሩ። ገንዘቡ በሃያ ዓመት እየተከፋፈለ የሚከፈል ነው።

ነገር ግን ለጋሾቹ የዋሆች አልነበሩም። ቃላቸውን በቅድመ ሁኔታ አጠሩት፦ መንግሥት የበኩሉን ካላዋጣ፣ ሙዚየሙ ራሱ ካልሰበሰበ፣ ጡረተኞቹም ካልተስማሙ አንድ ሳንቲም አይወጣም። ይህ አሠራር ከፍተኛ ብልኀት ነበረበት፤ ማንኛውም ወገን ሌላው ይክፈል ብሎ እጁን አጣጥፎ ለመቀመጥ አልቻለም። የግዛቱ ምክር ቤት አባላት አብዛኞቹ ከዲትሮይት ውጭ የተመረጡና ለከተማው ብዙ ፍቅር የሌላቸው ነበሩ። ገንዘቡ «ለዲትሮይት እርዳታ» ተብሎ ቢቀርብላቸው አይቀበሉትም ነበር። የቀረበላቸው ከዕዳ ክሶች የሚያወጣና ጡረተኞች በኋላ የመንግሥት ደጅ ጠኚ እንዳይሆኑ የሚከላከል ስምምነት ተብሎ ነው። በሃያ ዓመት 350 ሚሊዮን ከመክፈል በአንድ ጊዜ 194.8 ሚሊዮን ዶላር መስጠት ተመረጠ፤ አገረ ገዥው በጁን 20 ቀን 2014 ሕጉን ፈረሙ።

ሙዚየሙ ደግሞ 100 ሚሊዮን እንዲያመጣ ተመደበበት። ዲሬክተሩ ግራሃም ቢልና የሥራ ጓደኞቻቸው ሊያስቡት የሚገባቸውን ዘላቂ ጥሪት ትተው ለሌላ ሰው ጡረታ ገንዘብ መለመን ነበረባቸው። ሦስቱ የመኪና ኩባንያዎች 26 ሚሊዮን ሰጡ፤ ፎርድና ጄኔራል ሞተርስ አሥር አሥር፣ ክራይስለር ስድስት። ሌሎችም ኩባንያዎችና ግለሰቦች ጨመሩ። በዚያው ጊዜ፣ በኤፕሪል 2014፣ የሪቬራ ግድግዳ ሥዕሎች በፌዴራል መንግሥት ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተብለው ተሰየሙ፤ በኖራ ይለቅለቅ ከተባለ 81 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

የመጨረሻው ቃል የጡረተኞቹ ነበር። ምርጫው ጭካኔ ያለበት ነው። «እሺ» ካሉ የማዘጋጃ ቤቱ ተራ ጡረተኞች መሠረታዊ አበል በ4.5 በመቶ ይቀነሳል፣ በኑሮ ውድነት ልክ ይደረግ የነበረው ዓመታዊ ጭማሪም ይቀራል፤ «እምቢ» ካሉ ቅነሳው 27 በመቶ ይሆናል። ፖሊሶችና እሳት አጥፊዎች መሠረታዊ አበላቸው አልተነካም፤ ከዓመታዊው ጭማሪ ግን 45 በመቶው ብቻ ቀረላቸው። በጁላይ 2014 ውጤቱ ሲታወቅ ከፖሊስና ከእሳት አጥፊዎች 82 በመቶ፣ ከሌሎቹ 73 በመቶ ድምፅ ከሰጡት «እሺ» ብለዋል። ይህን ውጤት የደስታ ድምፅ አድርጎ የሚተርክ ሰው ቢኖር አንስማማም፤ ከሁለት ጉዳት ትንሹን የመረጡ ሰዎች ድምፅ ነው። የጡረታ አበሉ ይታወቃል፤ ብዙም የማይነገርለት የሕክምናቸው ጉዳይ ነው። ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይገመት የነበረው የጡረተኞች የሕክምና ግዴታ ወደ 450 ሚሊዮን ተቆርጧል። ከጥሩው ዘመን ከፍ ያለ ወለድ ያገኙ ጡረተኞችም መልሰው እንዲከፍሉ ተደርገዋል። ለሥዕሉ አዳኞች ተገኙ፤ ለሕክምናው አልተገኙም።

የቦንድ ዋስትና የሰጡት ሁለት ኩባንያዎች፣ ሲንኮራና ኤፍ.ጂ.አይ.ሲ.፣ እስከ መጨረሻ ተሟገቱ። «ለአንዱ ባለ ገንዘብ ከሥዕሉ ዋጋ ተከፍሎት ለሌላው አለመክፈል አድልዎ ነው» የሚለው ክርክራቸው በሕግ መጽሐፍ ሲታይ ክብደት አልነበረውም ማለት አይቻልም። በመካከሉ ለሙዚየሙ ወገን ስብስቡን ሁሉ የገመተ ሌላ ድርጅት ከ2.8 እስከ 4.6 ቢሊዮን ዶላር ሲል፣ የአበዳሪዎቹ ገማች 8.1 ቢሊዮን አደረሰው። ያው ሥዕል በያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሳለ ዋጋው እንደ ጠያቂው ሲወጣና ሲወርድ ማየት ለሥነ ጥበብ ሰው የሚያስገርምም የሚያስቅም ነበር። በመጨረሻ ሲንኮራ በመኪና ማቆሚያና በመተላለፊያ ዋሻ ኪራይ፣ ሌላው ኩባንያ ደግሞ በወንዙ ዳር የነበረውን የስፖርት አዳራሽ መሬት ለማልማት መብት አግኝቶ ታረቁ። በኖቬምበር 7 ቀን 2014 ዳኛ ሮድስ ጠቅላላ ድምሩ 816 ሚሊዮን ዶላር የሆነውን ይህን ስምምነት ያካተተውን ዕቅድ አጸደቁ፤ ሥዕሉን መሸጥ የከተማውን የወደፊት ዕድል አሳልፎ መስጠት እንደሚሆንም ተናገሩ። በዲሴምበር 10 ዕቅዱ ተፈጻሚ ሲሆን ከ1919 ጀምሮ በከተማው እጅ የነበረው ንብረት ወደ ነፃው ማኅበር ተመለሰ። ዘጠና አምስት ዓመት ዞሮ እዚያው ደረሰ ቢባል ይቻላል።

ከዚያ ወዲህ የሆነው በጥቂቱ ይነገራል። ሙዚየሙ ዛሬ በማንኛውም መንግሥት ዕዳ ሊያዝ አይችልም፤ ዋና ገቢው ግን አሁንም የሕዝብ ግብር ነው። አሥሩ ዓመት ከማለቁ በፊት በማርች 10 ቀን 2020 ሦስቱ አውራጃዎች ለሌላ አሥር ዓመት እንዲቀጥል ድምፅ ሰጡ። በዚያን ዕለት በሚሺጋን የመጀመሪያዎቹ የኮሮና ሕመምተኞች ተገኙ፤ ሙዚየሙም በቀናት ውስጥ ለወራት ተዘጋ። ግብሩ ባይታደስ ኖሮ በዚያ ዓመት ምን ይገጥመው እንደነበር መገመት አያዳግትም።

በኦክቶበር 2022 ተቋሙ የቫን ጎግ የራስ ምስል ወደ አሜሪካ የሕዝብ ሙዚየም የገባበትን መቶኛ ዓመት በትልቅ ዐውደ ርእይ አከበረ። ከዓለም ዙሪያ ከሰባ የሚበልጡ የቫን ጎግ ሥራዎች በውሰት መጡ። የራስ ምስሉም ከእነዚያ መካከል ተሰቅሎ ነበር፤ ቢጫ የሣር ባርኔጣ አድርጎ ተመልካቹን አተኩሮ ያያል። ከሥዕሉ ጎን በተለጠፈችው ትንሽ ጽሑፍ ላይ በ1922 እንደተጻፈው ዛሬም የሚነበበው «የዲትሮይት ከተማ ግዥ» የሚል ነው።